ተናግሮ የማይሰማ

በአዝማሪ ቤት የቆየ ልማድ አለ። ከታዳሚዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ጣል ያደርጋል። ድምፁ ቀጭን ቢሆን፣ ዜማ ባያውቅ፣ ከጫጫታው ብዛት የተነሣ ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ ባይሰማ እንኳ ግድ የለም። መሰንቆ የያዘው አዝማሪ ስንኙን ይቀበለዋል፤ በራሱ ጉሮሮና በራሱ ጉልበት አድርጎም ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ቃሉ የታዳሚው ነው፤ ኃይሉ ግን የአዝማሪው ነው። የተሰጠውን ሳይለውጥ፣ ጉልበቱን ግን ከራሱ አውጥቶ ለሚያደርስ ሁሉ አማርኛ «አቀባይ» የሚል ስም አለው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ሪሌ የሚሏት ትንሽ ዕቃ ሥራዋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሠራሯን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ፣ በብረት ዘንግ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ዙር ይጠመጠማል፤ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዘንጉ ማግኔት ይሆንና ከፊቱ ያለችውን የብረት ምላስ ወደ ራሱ ይስባል። ምላሷ ስትሳብ ከአንዱ የመገናኛ ነጥብ ተላቃ ከሌላው ጋር ትገጥማለች። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በገጠመው ነጥብ በኩል የሚያልፈው ኃይል ጥቅሉን ካስነሣው ኃይል እጅግ የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ምንጭ የመጣ ነውና። በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ሞላ ምላሷን ወደ ነበረችበት ትመልሳታለች። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የላትም።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1835 በፕሪንስተን ይህን ዘዴ ሲሠራ የነበረው ችግር የርቀት ችግር ነበር። በረጅም ሽቦ ላይ የተላከ ኤሌክትሪክ እየደከመ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ጫፍ ሲደርስ ደወል ለመምታት አቅም አይኖረውም። ቢሆንም አንዲት ቀላል የብረት ምላስ ለመሳብ ይበቃል። ምላሷ ሌላ ባትሪ ያለውን ሌላ ዑደት ትዘጋለች፤ መልእክቱም እንደ አዲስ ጉዞ ይጀምራል። ስሙ ከፈረስ የመጣ ነው ይባላል፤ በመልእክት መንገድ ላይ የደከመውን ፈረስ በየጣቢያው ትቶ ያረፈውን መጫን በዚሁ ቃል ይጠራ ነበርና። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር መልእክት ባስተላለፈ ጊዜ ዝናው ለእርሱ ሆነ። ቴሌግራፍን ከከተማ ወደ ከተማ ያሻገረችው አቀባይ ግን ከሳጥን ውስጥ ስለምትውል ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ከሄንሪ 79 ዓመት በኋላ ይኸው ቃል ብረትነቱን ትቶ ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1914 በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ የሚኖር ሃይራም ፐርሲ ማክሲም የሚባል መሐንዲስ በግሉ ኃይለኛ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው። አንድ ምሽት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ስፕሪንግፊልድ መልእክት ለመላክ ቢሞክር አልደርስ አለው። መልእክቱ የሬዲዮ ቫልቭ ስለ መግዛት ነበር። በመካከል ዊንዘር ሎክስ ላይ አንድ ሌላ አማተር እንዳለ አስታወሰ፤ ጠራው፤ ያም ሰው ተቀብሎ አደረሰለት። ማክሲም ከዚህ ተነሥቶ በየከተማው የተበተኑት አማተሮች እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ አገሩን ሊያዳርሱ እንደሚችሉ አሰበ፤ በዚያው ዓመትም የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌ ሊግ የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። ማክሲም የመትረየሱ ፈልሳፊ የሃይራም ስቲቨንስ ማክሲም ልጅ ነው። አባት በጩኸት ስሙን ሲያስጠራ ልጅ ደግሞ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ መሥራቱ ለቲያትር ጸሐፊ ራሱን የቻለ ርዕስ ነበር፤ ከያዝነው ጉዳይ ግን ያርቃል።

አማተር ሬዲዮ ማለት ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ማስታወቂያ የማይነገርበት፣ በፈቃድ የሚሠራ የግለሰቦች የሁለት ወገን ግንኙነት ነው። ከዜና ማሠራጫ ጣቢያ የሚለየው በዚህ በሁለት ወገንነቱ ነው። ማሠራጫ ጣቢያ ይናገራል፤ አማተር ግን ይናገራል፣ ያደምጣልም። ሁለቱንም በአንድ አንቴና ነው የሚያደርገው። አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ አፍና ጆሮ ሊሆን አይችልም፤ ተራ ያስፈልገዋል። ተራውን የምትሰጠው ሪሌ ናት። ተናጋሪው የማይክሮፎኑን ቁልፍ ሲጫን ምላሷ ተስባ አንቴናውን ከማስተላለፊያው ጋር ታገናኛለች፤ ቁልፉን ሲለቅ ሞላዋ መልሳ ከመቀበያው ጋር ታገጥመዋለች። በመድረክ ላይ ተዋናይ ሲወጣና ሲገባ መጋረጃ የሚስበውን ሠራተኛ የሚያስብ ሰው የለም፤ መጋረጃው እስኪያዝ ድረስ።

እዚህ ላይ ቁጥር መጥራት ግድ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ከቁጥሩ ላይ ነውና። በቤት ውስጥ የሚሠራበት የተለመደ የአማተር መሣሪያ ሲናገር 100 ዋት ያህል ኃይል ያወጣል። ይህ ኃይል 50 ኦም በሆነ የአንቴና መስመር ሲያልፍ 70 ቮልት ገደማ ግፊትና 1.4 አምፔር ያህል ፍሰት አለው። መሣሪያው ሲያደምጥ ግን ጎላ ብሎ ይሰማል የሚባለው ጣቢያ በአንቴናው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የቮልት 50 ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ደካማው ደግሞ ከሚሊዮንኛው ሩብ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በዚያችው የብረት ምላስ ላይ በሚመጣውና በሚሄደው መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። አንደኛው ወንዝ ነው፤ ሌላው ጤዛ።

የመገናኛ ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ብር የተቀቡ ናቸው። ብር ከጭስና ከመኪና ጢስ፣ ከላስቲክም ጭምር የሚወጣ የድኝ ዘር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የሴት አያቶች የብር መስቀልና የብር ድሪ በሣጥን ውስጥ እንደሚጠቁር ማለት ነው። በነጥቦቹ ላይ የሚያርፈው ጥቁረት ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል። 70 ቮልቱ ይህን ሽፋን ሰንጥቆት ያልፋል፤ መኖሩንም አያውቀው። የሚሊዮንኛ ቮልቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። በዚህም ላይ የመናገሪያው ነጥብ በማግኔት ጉልበት ሲጨበጥ የመስሚያው ነጥብ የሚያዘው በሞላዋ ጉልበት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህን መሰሉን ኃይል የማያልፍበት መስመር «ደረቅ» ይሉታል፤ ሽፋኑን እየሰበረ ነጥቡን ንጹሕ የሚያደርገውን ፍሰት ደግሞ «የሚያረጥብ» ይሉታል። የምሕንድስና ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ሳያስቡት ከገጣሚ ይሻላሉ።

ስለዚህ ሪሌዋ ስታረጅ በብዛት ቀድሞ የሚታመመው ጆሮ ነው፤ አፉ ደኅና ሆኖ ይቀራል። የመሣሪያው መርፌ 100 ዋት ያሳያል፤ መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱ ይናገራል፤ ከሩቅ አገርም ይሰማል። የሚመልሱለትን ግን አይሰማም። መልስ የሌለ መስሎት ደግሞ ይጣራል፤ በሚመልሱለት ሰዎች ድምፅ ላይ ይናገራል። አማተሮች በመካከላቸው እንዲህ ያለውን ጣቢያ «አዞ» ብለው ይጠሩታል፤ አፉ ሰፊ ጆሮው ጠባብ ስለሆነ። ስድቡ የሚሰነዘረው ብዙ ጊዜ በባሕርዩ ለማያዳምጥ ሰው ነው። ነገር ግን ከስድቡ ተሸካሚዎች መካከል ጥፋታቸው አንዲት የጠቆረች የብር ነጥብ ብቻ የሆነ ሰዎች እንደሚኖሩ አይጠረጠርም።

ጨርሶ መደንቆር ይሻላል። ምንም የማይሰማ ሰው መሣሪያው መበላሸቱን ያውቃልና ይከፍተዋል። ክፉው ግማሽ ድንቁርና ነው። ሽፋኑ ከሚመጣው ኃይል ከመቶ አንዱን ብቻ አሳለፈ እንበል። ትልቅ አንቴናና ትልቅ ማጉያ ያለው ጣቢያ ድሮም ከሚገባው በላይ ጎልቶ ይሰማ ስለነበር አሁንም ይሰማል፤ ምናልባትም ደስ በሚል ልክ ይሰማል። የሚጠፉት በአጭር ሽቦና በ5 ዋት የሚጣሩት ናቸው። አዳማጩ በበኩሉ የጎደለበት ነገር አይታየውም፤ «ዛሬ አየሩ ፀጥ ብሏል፣ ጥቂት ጥሩ ጣቢያዎች ብቻ አሉ» ይላል። የማይሰማው ሰው በመዝገብ አይገባም፤ በመዝገብ ያልገባም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ጥገናውን ለማየት መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። አንደኛው ጠጉራቸው የሸበተ የቴክኒክ መምህር ናቸው እንበል፤ ሁለተኛው ካቻቪቴ ከእጁ የማይለይ ወጣት። በጠረጴዛው ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጃፓን የወጣ መናገሪያና መስሚያው አንድ ላይ የሆነ መሣሪያ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ መቀበያው ሞቷል። ክዳኑን ልፍታው?»

«ማን ነገረህ መሞቱን?»

«ምንም አይሰማም እኮ።»

«እሽ የሚል ነገርስ?»

«እሱማ አለ።»

«እንግዲያው አልሞተም። እስቲ አንቴናውን ንቀለው፤ ድምፁ ይለወጣል?»

ወጣቱ ይነቅላል፤ ይሰካል፤ ይነቅላል። እሽታው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከዚህች ትንሽ ሙከራ ብዙ ነገር ታወቀ። እሽታው የመሣሪያው የራሱ ትንፋሽ ነው፤ ማጉያውና ድምፅ ማውጫው ደኅና መሆናቸውን ይመሰክራል። አንቴና ሲሰካ የሰማዩ ጫጫታ መጨመር ነበረበት፤ አልጨመረም። ስለዚህ መንገዱ የተዘጋው ከደጃፉ ነው ማለት ነው። መምህሩ አሁንም ክዳኑ እንዲፈታ አልፈቀዱም። በአንቴናው ፋንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚውጥ የ50 ኦም ሪዚስተር አስገጥመው የማይክሮፎኑን ቁልፍ ለአንድ አፍታ ተጭኖ እንዲለቅ አዘዙት። ቀጭ፤ ቀጭ። አንቴናው ተመልሶ ሲሰካ ጣቢያዎች እንደ ጎርፍ ገቡ።

«ዳነ!» አለ ወጣቱ።

«አልዳነም፤ ተገላበጠ እንጂ። ነገ ጠዋት ተመልሶ ይተኛል።»

እንዳሉትም ነው። ምላሷ ሄዳ ስትመለስ ነጥቦቹ ጥቂት ይፋተጋሉ፣ ከቀድሞው በፀጉር ስፋት የራቀ ቦታ ላይም ያርፋሉ፤ ለጊዜው ንጹሕ ብር ይገናኛል። ይህ ምልክት ከሌላ በሽታ ጋር እምብዛም አይምታታም። በመሣሪያው ጎን በመዳፍ መታ ሲደረግ የሚነቃም ከሆነ ጥርጣሬው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ነጥቡ ነው፣ ሌላው ብየዳው ነው። ሪሌ በቀን መቶ ጊዜ ስለምትነቀነቅ እግሮቿ በተበየዱበት ቦታ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በማጉያ መነጽር ካልታየ አይገኝም።

«ቀጭ» የማይል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚመረመረው ሪሌዋን የሚያዛት ክፍል ነው። በቴስተር በጥቅሉ ሁለት ጫፍ ላይ ቮልት ይለካል። 12 ቮልት እየደረሳት የማትነሣ ከሆነ ጥቅሉ ተበጥሷል፣ ወይም ምላሷ ተጣብቃለች። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ጥቅሉ በኦም ሲለካ ጥቂት መቶ ኦም ማሳየት ሲገባው መርፌው ካልተነቃነቀ ሽቦው ተበጥሷል። ቮልቱ ካልደረሳት ጥፋቱ የሚያዛት ትራንዚስተር፣ ወይም ከበላዩ ያለው ሪዚስተር፣ ወይም የማይክሮፎኑ ገመድ ነው። የማይክሮፎን ገመድ የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከመሰኪያው አጠገብ ነው፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን ፈታቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያየው።

ትራንዚስተሩ ሲሞት በሁለት መንገድ ይሞታል። ተበጥሶ ከሞተ ሪሌዋ አትነሣም፤ ውስጡ ተገናኝቶ ከሞተ ሪሌዋ ተነሥታ አትመለስም፤ መሣሪያው ቁልፉ ሳይነካ በመናገር ላይ ይቀራል። ወጣት ጠጋኞች ትራንዚስተሩን በአዲስ ለውጠው «ሠራ» ይላሉ። ከሳምንት በኋላ አዲሱም ይሞታል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሟቹን እየቀበሩ ገዳዩን ቤት ውስጥ ማሳደር ማለት ይህ ነው፤ ገዳዩም በጥቅሉ ትይዩ የተገጠመችው የአንድ ሳንቲም ዕቃ፣ ዳዮዷ ናት። ጥቅሉ ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥበት የያዘውን የማግኔት ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ከ12 ቮልት ተነሥቶም መቶና ከዚያ በላይ ቮልት የሚደርስ የተገላቢጦሽ ግፊት ይፈጥራል። ዳዮዷ ያንን ግፊት ተቀብላ በጥቅሉ ውስጥ መልሳ ታዞረዋለች። ተበጥሳ ከሆነ ግፊቱ በቀጥታ ትራንዚስተሩ ላይ ይወርዳል። ሪሌዋ እስከዚያው ድረስ ያለ እንከን ስትሠራ ስለምትታይ ማንም ዳዮዷን አይጠረጥራትም።

መምህሩ ወጣቱን የፈተኑት እዚህ ላይ ነው። ቴስተሩን አንሥቶ ዳዮዷን በቦታዋ እንዳለች ለካ። በአንዱ አቅጣጫም በሌላውም ያው ዝቅተኛ ኦም ታየ።

«ጋሼ፣ ዳዮዷ ተገናኝታለች። ልንቀላት?»

«ማንን ነው የለካኸው?»

ወጣቱ ዝም አለ። ጥቅሉ ከዳዮዷ ጋር ጎን ለጎን የተያያዘ ስለሆነ ቴስተሩ የለካው ጥቅሉን ነበር። አንድ እግሯ ከብየዳው ካልተላቀቀ በቀር ዳዮዷ ለብቻዋ አትመሰክርም። ተላቅቃ ስትለካ በአንድ ወገን ብታሳልፍ በሌላው ብትከለክል ደኅና ናት፤ በሁለቱም ብትከለክል ተበጥሳለች፤ በሁለቱም ብታሳልፍ ተገናኝታለች። ስትመለስ መስመር የተሠመረበት ጫፏ ወደ 12 ቮልቱ መዞር አለበት። ተገልብጣ የገባች ዳዮድ ከተገናኘች አትሻልም፤ ቁልፉ በተነካ ቅጽበት ፊውዝ ታቃጥላለች፣ ወይም ትራንዚስተሩን ይዛ ትሞታለች።

ሪሌዋ የምትንጫረር፣ ማለትም ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ እያለች የምትርበደበድ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሮቹ ይሄዳል። የኃይል መስጫው ትልቁ ካፓሲተር በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ቮልቱ ይዋዥቃል። በድምፅ የሚነሡ መሣሪያዎች ላይ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ ሥራዋ ተናጋሪው በሁለት ቃላት መካከል ትንፋሽ ሲወስድ ሪሌዋን ይዛ ማቆየት ነው። ኃይሏን የምታፈስ ከሆነች ሪሌዋ በየቃሉ መካከል ትወድቃለች፤ ንግግሩም ተቆራርጦ ይደርሳል። በተውኔት ውስጥ ዝምታ ቃል ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ካፓሲተር ቢያውቋት ይወዷት ነበር።

ነፍሳትም አሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሪሌዎች የሚሠራው ማርክ 2 የተባለው ታላቅ የሒሳብ መኪና ተሰናክሎ ሲፈተሽ በአንዷ ሪሌ ውስጥ የእሳት ራት ተገኘች። ሠራተኞቹ አውጥተው በመዝገባቸው ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፤ መዝገቡ ዛሬ በዋሽንግተን ቤተ መዘክር ይገኛል። በኮምፒዩተር ሥራ ብልሽትን በእንግሊዝኛ «ተባይ» በሚል ቃል መጥራት ከዚያች ቀን ተወለደ የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። ኤዲሰን በ1870ዎቹ ቃሉን በዚሁ ትርጉም ይጠቀምበት ነበር። የራቷ ቀልድ ያሣቀውም ቃሉ አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ክፍት ሪሌ ባለበት መሣሪያ ውስጥ ጉንዳን፣ አቧራና የሸረሪት ድር ማግኘት እስካሁን አዲስ ነገር አይደለም።

በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው መሣሪያ በሽታው ነጥቡ ላይ መሆኑ ስለታወቀ ክዳኑ ይፈታል። ቫልቭ ያላቸው መሣሪያዎች ከ600 ቮልት በላይ የሚይዙ ካፓሲተሮች ስላሏቸው ሶኬቱ ተነቅሎ መቆየት፣ ከዚያም ኃይሉ በሪዚስተር እየተሳበ መፍሰስ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ እጁን የሰደደ ሰው ዕድለኛ ከሆነ ለማውራት ይተርፋል። ወጣቱ የብርጭቆ ወረቀት ያነሣል። መምህሩ ይቀሙታል። የብርጭቆ ወረቀት ጥቁረቱን ብቻ አይደለም የሚፍቀው፤ ስሱን ብር ጭምር ያነሣና ከሥሩ ያለውን መናኛ ብረት ያወጣል። ለአንድ ሳምንት ጥሩ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ሪሌዋ ለዘለቄታው ትጠፋለች። የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ንጹሕ ወረቀት ነው፤ የመጋበዣ ካርድ ጠርዝ ይበቃል። ወረቀቱ በአልኮል ይረጥባል፤ ነጥቦቹ በላዩ ይገጠማሉ፤ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ወረቀቱ ላይ ግራጫ መስመር ይቀራል። መስመር እስኪጠፋ በአዲስ ወረቀት ይደጋገማል፤ መጨረሻው በደረቅ ነው። ሪሌዋ የታሸገች ከሆነች ይህ አይቻልም፤ ትለወጣለች። የምትተካዋ የጥቅሏ ቮልት፣ ነጥቦቿ የሚችሉት አምፔርና የእግሮቿ አቀማመጥ ከአሮጌዋ ጋር መስማማት አለበት። አዲስ በማይገኝበት አገር ከተጣለ መሣሪያ ነቅሎ፣ ለክቶ፣ አጽድቶ መጠቀም እንደ ውርደት የሚቆጥሩት ያልቸገራቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ነጥብ ብር ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2004 የህንድ አማተሮች ለዓመታት የአማተር ጣቢያ ተሰምቶባቸው ወደማያውቁት የአንዳማን ደሴቶች ሄደው በፖርት ብሌር አንቴና ዘርግተው ነበር። የሄዱት ለትርፍ ጊዜ ደስታ ነው፤ ከሩቅ አገር አማተሮች ጋር ለመነጋገር። በወሩ 26ኛው ቀን ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ባሕሩም ተነሣ። ስልክ ተቋረጠ። የደስታው ጣቢያ በአንድ ሌሊት የጠፉ ሰዎች ስም የሚነገርበትና የሚጠየቅበት መስመር ሆነ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የመናገሪያው ኃይል 100 ዋት ይሁን 1000 ዋት ብዙ ለውጥ የለውም። ስም የሚጠሩት ሰዎች ድምፅ የሚገባው በመስሚያው ነጥብ ነው።

ለእኛም አገር ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በዓለም አቀፍ ድልድል በኢ እና በቲ ፊደላት የሚጀምሩ የጥሪ ምልክቶች የኢትዮጵያ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ኢቲ3ኤኤ በሚል ምልክት የሚታወቅ የአማተር ጣቢያ ተተክሎ ተማሪዎች ሠልጥነውበታል። ከኢትዮጵያ የሚናገሩ አማተሮች ጥቂት በመሆናቸው አንዱ ብቅ ሲል ከጃፓን፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ይጣራሉ። የገበያ ቀን ጫጫታ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል አስቀድመው የሚሰሙት ትልልቅ ማጉያ ያላቸው ናቸው፤ ከጎናቸው በጣራው ላይ ሽቦ የዘረጋ ጡረተኛ፣ ወይም በመጀመሪያ ፈቃዱ የሚሞክር ተማሪ አለ። እርሱን ሰምቶ መመለስ የጣቢያው ሠራተኛ ትዕግሥት ውጤት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ከነጥቧ ጥቁረት በላይ ሊያልፍ አይችልም።

ከጽዳቱ በኋላ ወጣቱ ነጥቡን በቴስተር ለካ፤ ዜሮ ኦም አለ። መምህሩ ግን በዚህ አይረኩም፤ ቴስተሩ የሚለካው በራሱ ባትሪ ነውና ያ ባትሪ ሽፋኑን ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ጤዛው ያልፍ እንደሆነ አይነግርም። ጤዛውን የሚለካ ሌላ መንገድ አለ። በ14.100 ሜጋ ኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ 18 የምልክት ጣቢያዎች በየ3 ደቂቃው በተራ እንዲናገሩ ተደራጅተዋል፤ አንዱ የኬንያ ነው። እያንዳንዱ ጥሪውን በሞርስ ከተናገረ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፆች ይሰጣል፤ የመጀመሪያው በ100 ዋት፣ ሁለተኛው በ10፣ ሦስተኛው በ1፣ አራተኛው በአንድ ዋት አሥረኛ።

ክዳኑ ሳይገጠም ሁለቱም በጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። ጠዋት ከጥገናው በፊት ወጣቱ በመዝገቡ ላይ «ኬንያ፦ 1» ብሎ ጽፎ ነበር። የኬንያው ተራ ደረሰ። የመጀመሪያው ድምፅ ወፍራም ነበር። ሁለተኛውም በደንብ ተሰማ። ሦስተኛው ከእሽታው ጋር የተደባለቀ፣ ሲያደምጡት ያለ፣ ልብ ሲያነሡ የሚጠፋ ነገር ነበር።

«ሰማኸው?»

«አዎ ጋሼ። አራተኛውን ግን…»

«እሱን ተወው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ እንሞክረዋለን። አሁን ጻፍ።»

ወጣቱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሪሌዋን ቁጥር፣ በወረቀት ስንት ጊዜ እንደተሳበች ጻፈ። ከሥሩም «ኬንያ፦ 3» ብሎ ካቻቪቴውን አነሣ።